«አሥራ ሦስተኛ ክፍል» ለተባሉት ኮሌጆች የተሰጠ ምላሽ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከቡድን ወደ ቡድን እየዞረ ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ጽሑፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአራት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ ወላጆች ናቸው፣ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዷ ተማሪዬ። ተማሪዬ ከሥሩ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። ይህን የምጽፈው የእሷን ጥያቄ ይዤ ነው።

ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው፤ ጸሐፊውም ለወጣቱ ከልብ እንደሚያስቡ ያስታውቃል። የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ትንሽ ኮሌጅ፣ የግልም ሆነ የክልል፣ አዲስ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን፣ «አሥራ ሦስተኛ ክፍል» ነው፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ቅጥያ እንጂ ከፍተኛ ትምህርት አይደለም ይላሉ። ምክንያታቸው አምስት ነው። ቀጣሪ የሚያየው የተቋሙን ስም ነው። ላብራቶሪውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ዶክተሮቹም ያሉት ትልቁ ዘንድ ነው። ትንሽ ኮሌጅ የሚገባው ምርጫ ያጣ ተማሪ ስለሆነ ጎበዙ ልጅ አብሮ ይወርዳል፤ ለዚህ የመውጫ ፈተናውን፣ ማለትም የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የሚወስደውን አገር አቀፍ ፈተና፣ ውጤት ይጠቅሳሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ሲሆን ኮሌጅ ገንዘብ መበተን ነው። በመጨረሻም ትልቅ ግቢ ከመላው አገር ሰው ያገናኛል፣ ትንሹ ግን ሰፈር ውስጥ ያስቀራል። በውጭ አገርም ዓለም የሚያውቃቸው ግዙፎቹ ናቸው ብለው ያክላሉ።

እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ዲፕሎማዬን የያዝኩት ከአንድ ትንሽ የመምህራን ኮሌጅ ነው፤ ዲግሪዬን ደግሞ እያስተማርኩ፣ በክረምት በክረምት፣ ከአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ።

ከስያሜው ልጀምር፤ ምክንያቱም ከአምስቱ ነጥቦች ይልቅ ተማሪዎቼን የጎዳቸው እሱ ነው። «አሥራ ሦስተኛ ክፍል» የሚለውን ስድብ የባሕር ዳር ሰው ሲሰማው ሊከነክነው ይገባል። ባጃጅ ይዘን «ፔዳ» የምንለው ሰፈርና ግቢ ስሙን ያገኘው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የተቋቋመው በ1972 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት ሲሆን፣ ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። «ፖሊ» የምንለው ደግሞ በ1963 እ.ኤ.አ. ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ የቴክኒክ ትብብር የተከፈተ ኢንስቲትዩት ነው። ሁለቱ በ1996 እ.ኤ.አ. ተዋሕደው ነው የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው፤ በይፋ የተመረቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ጸሐፊው «ትልቅ» እያሉ የሚያወድሱት ተቋም ሁለት ትንንሽ ኮሌጆች ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 33 ተማሪዎች ነበሩት። ዛሬ አንድ የዶርም ፎቅ እንኳ አይሞሉም።

ሐይቁን ተሻግረን ወደ ሰሜን እንሂድ። በ1953 እ.ኤ.አ. በደንቢያ ሜዳ ወባ ገብቶ ሺዎችን ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ፣ አንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አገሪቱ የሐኪም ድሃ በነበረችበት ዘመን የገጠሩን ሕዝብ የደረሱት እነዚህ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እናስብ። ፕሮግራሙ በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 በላይ ሴቶች ለአንድ ዓመት ያህል በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ሌሎች አገሮች መጥተው የሚማሩበት ሥራ ነው። የትኛዋም ብትሆን «አሥራ ሦስተኛ ክፍል ነሽ» ተብላ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ በየጎጡ ሕፃናቱን ማን ይከትብ ነበር?

«ትንሽ» የሚለውን ቃል ራሱንም ልጠይቅ። ጽሑፉ ደብረ ታቦርንና እንጅባራን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ የክልሉን የጤና ሳይንስ፣ የመምህራንና የግብርና ኮሌጆችን፣ እንዲሁም በየፎቁ የተከራዩትን የግል ኮሌጆች በአንድ ቁና ሰፍሯቸዋል። ጤፍና ኑግ አብሮ አይሰፈርም። ለአንዱ የሚሆነው ምክር ለሌላው አይሆንም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። ቀጣሪ ስም ያያል የሚለው በከፊል እውነት ነው። አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ድርጅቶች፣ ለውጭ ዕድል ወረቀት የሚመረምሩ ሰዎችም፣ የሚያውቁትን ስም ሲያዩ ዓይናቸው ይቆማል። ይህን አልክድም። ነገር ግን በከተማችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትን የመንግሥት ክፍት የሥራ ቦታዎች ቆማችሁ አንብቡ። የሚጠየቀው የትምህርት መስክ፣ ነጥብና የሥራ ልምድ ነው፤ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ለጤና ባለሙያ የብቃት ምዘና አለ፣ ለቴክኒክና ሙያ ምሩቅ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለ፣ ለዲግሪ ተማሪ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። አገሪቱ ከስም ወደ ፈተና እየሄደች ባለችበት ጊዜ ልጆችን በስም ማስፈራራት ዘግይቶ የመጣ ምክር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ላብራቶሪው ትልቁ ጋ ነው። የሶዲየም ብርሃን በመሣሪያ ሲበተን የሚታዩትን ሁለት ቢጫ መስመሮች በገዛ ዓይኔ ያየሁት በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያን ቀን ያገኘሁት ደስታ አሁንም አብሮኝ አለ። ሕክምና ወይም ምሕንድስና መማር ለሚፈልግ ልጅ ሆስፒታልና ወርክሾፕ ያለበትን ፈልግ እለዋለሁ። ሆኖም ያንን መሣሪያ ለአሥራ ሁለት ሰው ነበር ያካፈሉን፤ እኔ ያየሁበት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። መሣሪያ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ የተማሪ እጅ መንካቱ ሌላ። ዶክተሮቹም እንዲሁ። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይ ባሕር ዳርና ጎንደር ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ገብተዋል። ተገቢ ነው። ግን የምርምር ዩኒቨርሲቲ ማለት ሸክሙ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያዘነበለ ተቋም ማለት ነው። ከስሙ በፊት «ዶክተር» ያለበት ሰው ግቢው ውስጥ ስላለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያገኘዋል ማለት አይደለም።

የማስተማር ልምምድ የመጀመሪያ ቀኔን ላውጋችሁ። ኮሌጃችን ውስጥ በአንድ ክፍል አርባ ያህል ነበርን። መምህራችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እኔ ስለ እፍጋት አስተምራለሁ፤ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ልጆቹ ዝም ሲሉ ራሴ እመልሳለሁ፣ እንደገና እጠይቃለሁ፣ እንደገና እመልሳለሁ፤ አርባ ደቂቃው እንዲህ አለቀ። ከክፍል ስንወጣ ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። አሥራ አንድ ጥያቄ፤ አሥራ አንዱንም የመለስኩት እኔ። «ጠይቅና በሆድህ እስከ አምስት ቁጠር። ዝምታው የልጁ ነው፣ አትቀማው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና መጥተው ቆጠሩ፤ ሰባት። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት። ዛሬ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቄ በልቤ ስቆጥር እኚያ ሰው ከኋላ የተቀመጡ ይመስለኛል። ማስተማር የቻልኩት ያኔ ነው። አርባ ባንሆን፣ መቶ ሃምሳ ብንሆን ኖሮ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኔን ጥያቄ የሚቆጥር ሰው አይኖርም ነበር።

በክረምቱ ትምህርት ደግሞ በአዳራሹ ሁለት መቶ ገደማ ነበርን። የአንዱ ኮርስ ግሬዴ ሳይገባ ቀረ። ከሬጅስትራር ወደ ትምህርት ክፍል፣ ከትምህርት ክፍል ወደ መምህሩ ስመላለስ ሁለት ክረምት ሄደ። መጨረሻ ላይ ሳገኛቸው መምህሩ ኮርሱን መውሰዴን ሊያስታውሱ አልቻሉም፤ የፈተና ወረቀቴ ተፈልጎ ከካርቶን ውስጥ ወጣ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፣ ትምህርታቸውንም ያውቁታል። በሁለት መቶ ፊት መካከል የእኔን ፊት ከየት ያምጡት?

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። በቤተ ክርስቲያኑ የአብነት ትምህርት ድጓ የሚባለውን ዜማ የሚማር ሰው ደብሩ ትልቅ ነው ብሎ አይሄድም፤ ትምህርቱ የሚመሰከርበት ቦታ ቤተልሔም ነው፣ ስለዚህ ጋይንት ድረስ ይወጣል። ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን ሌላ ዜማ የፈለገ ዙር አባ ይሄዳል። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ማታ ለየኔታ ይነግራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ ግን የኔታ እያንዳንዷን ቃል ይሰሟታል፣ ያቀኗታል፣ ካልሆነም ይጥሏታል። በየቀኑ። የተማሪው ጥያቄ «ጉባኤ ቤቱ ምን ያህል ትልቅ ነው?» ሳይሆን «የኔታ ማን ናቸው?» የሚል ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ጥያቄውን ለምን እንደቀየርነው አላውቅም። የአብነት ትምህርት ችግር የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ረሃቡንም ዱላውንም የቀመሱ ዘመዶች አሉኝ። መምህርን አስቀድሞ መፈለጉ ግን ትክክል ነበር።

ሦስተኛው፣ የመውጫ ፈተናው ነገር፣ ከሁሉ ጠንካራው ክርክራቸው ነው፤ ሳልሸሽ ልመልስ። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያው አጠቃላይ ፈተና ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም፤ ከመንግሥት ግን ከግማሽ በላይ አልፈዋል። አሳፋሪ ውጤት ነው። ወረቀት የሚሸጡ ኮሌጆች እንዳሉ እኔም አውቃለሁ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማቱን እንደ አዲስ ይመዝገቡ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ግል ነው ወይስ ስለ ትንሽ? አንዳንዱ የግል ተቋም በየከተማው ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ በማታውም በርቀቱም ሺዎችን መዝግቦ ነው የሚያስተምረው። ያ ትንሽ አይደለም፤ የተበታተነ ትልቅ ነው። ተማሪው መምህሩን በስም አያውቀውም፣ መምህሩም በሦስት ተቋማት መካከል ይሮጣል። የእኔ ክርክር የሚነካው ይህን ዓይነቱን ጭምር ነው። ከመንግሥት ተፈታኞችም ከሦስት አንድ በላይ ወድቀዋል፤ እነሱ ሁሉ ከትንሽ ግቢ አልመጡም።

«ምርጫ ያጣ ነው የሚገባው» ለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ያህሉን «ውራጅ» ብለን ስንጠራ ስለ ማን እያወራን እንደሆነ እናስብ። ምደባውም ቢሆን በአብዛኛው የሚኒስቴሩ ነው፤ ተማሪው ምርጫውን ይሞላል እንጂ አይወስንም። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ ያለው ቅጹን በምንሞላበት ጊዜ ማንን ከማን እናስቀድም በሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ፈጽሞ ያልነካው ጉዳይ አለ፤ እኔ ግን በየዓመቱ ልጆች ሲያለቅሱበት አየዋለሁ። የዲፓርትመንት ምርጫ! ልጁ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ፍሬሽማኑን ይጨርሳል፤ ከዚያ በነጥብ ውድድር ይደረጋል። እዚያ ያለው ሁሉ ጎበዝ ነው፣ የሚፈለገው ክፍል ደግሞ የተወሰነ ሰው ነው የሚቀበለው። ፋርማሲ ልታነብ የሄደች ተማሪዬ ፈጽሞ ባላሰበችው ክፍል አራት ዓመት ተቀመጠች። በዚያው ዓመት ከእሷ ያነሰ ነጥብ የነበረው የክፍል ጓደኛዋ ወደ አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ፣ ፉክክሩ ቀለል ስላለው የመጀመሪያ ምርጫውን አገኘ። ዛሬ በሙያው ይሠራል። እሷን ሳገኛት የግቢዋን ስም በኩራት ትነግረኛለች፤ ስለ ትምህርቷ ስጠይቃት ግን ወሬ ትቀይራለች። ለአንድ ወጣት ከግቢው በር ይልቅ የሚያነበው ነገር ይበልጥበታል።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ። «ነፃ» አይደለም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፣ ከተቀጠረ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል። የትራንስፖርቱ፣ የልብሱ፣ በየወሩ ከቤት የሚላከው ገንዘብም አለ። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ወላጆች እንዴት እንዳደሩም እናውቃለን። ልጃቸው ከእናቷ ቤት ወጥታ፣ በእግሯ ሄዳ፣ ማታ የምትመለስበት ኮሌጅ ለአንዳንድ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። የግል ኮሌጅ ክፍያ ግን ለቀን ሠራተኛ ልጅ ከባድ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ወላጅ በሬውን ሸጦ ያለ ዕውቅና ለሚያስተምር ተቋም እንዲከፍል የምመክር ሰው አይደለሁም።

ከመላው አገር የሚመጣ ሰው መገናኘቱ ጥሩ ነው፤ ይህን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እሰጣቸዋለሁ። ከሐይቁ ዳር ርቆ የማያውቅ ልጅ ከአርባ ምንጭና ከሐረር ልጆች ጋር አንድ ዶርም ሲያድር የሚማረውን እኔ በክፍል ላስተምረው አልችልም።

ስለ ውጭው ያሉት ግን ስህተት ነው። ካልቴክ የተባለው የአሜሪካ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎቹ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው፤ በሳይንስ ከሱ የሚበልጥ ስም ስንት አለ? በ2006 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ጆን ማዘር የመጀመሪያ ዲግሪውን የሠራው ስዋርትሞር በምትባል ከሁለት ሺህ ያነሰ ተማሪ ባላት የአሜሪካ ኮሌጅ ነው። እዚያው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ያለችው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አስከፍላ አታውቅም፤ ተማሪው ሁሉ በግቢው ውስጥ እየሠራ ይማራል። የውጭ ዕድል የሚሞክሩ ልጆቻችን ስማቸውን ያልሰሙትን ኮሌጆች እየዘለሉ ግዙፎቹ በር ላይ ብቻ መሰለፋቸው ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሳምንት መልእክቱን የላከችልኝ ተማሪ ከአባቷ ጋር ትምህርት ቤት መጣች። ከዘጌ በጀልባ ነው የተሻገሩት፤ አባቷ ቡና ገበሬ ናቸው። የልጅቱ ነጥብ ጠርዝ ላይ ነው፤ ስሙን ከሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲና በአንድ የጤና ኮሌጅ ከሚሰጠው የላብራቶሪ ትምህርት አንዱን መምረጥ አለባት። «መምህር፣ የቱ ይሻላል?» አሉኝ አባቷ። አልመለስኩላቸውም። በሆዴ እስከ አምስት ቆጥሬ፣ «ሰኞ ወደ ኮሌጁ ይሂዱና ክፍሉን አሳዩኝ ይበሏቸው» አልኳቸው።

ማክሰኞ ደወሉልኝ። ማይክሮስኮፑን ቆጥረውታል፤ አሥራ ሁለት ነው። ሁለቱ ላይ ላስቲክ ለብሷል። «ምን ሆኖ ነው? ብዬ መምህሯን ጠየቅኳት» አሉ፣ «ተበላሽቶ ነው፣ ከመጋቢት ጀምሮ ጥገና እየጠበቅን ነው አለችኝ። አልዋሸችኝም። ተማሪዎቹን ደግሞ ወረቀት ሳትይዝ በስማቸው ነው የምትጠራቸው።»

ልጅቱ ገና አልወሰነችም። ቅጹ የሚዘጋው ዓርብ ነው።